አባዬ የራሱን ሙሾ ያረመ ለት

እስከ ዛሬ ድረስ «ጨጓራ ነው» ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። በቀደም እንኳ አንዲት ደንበኛ ሱቅ ገብታ «ባለቤቴን ጨጓራ አሰቃየው» ብትለኝ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «እርግጠኛ ነሽ? ለመሆኑ እሱ ያውቃል?» ብዬ አፋጠጥኳት። ሴትዮዋ የመጣችበትን ቀለም ሳትገዛ ወጣች። ጋሽ አብዶ ከመጋዘኑ ብቅ ብለው «መቅዲ፣ ደንበኛ አባረርሽብኝ» አሉ። ግን አልተቆጡኝም። እሳቸውም ቢሆኑ ያንን ቃል አይወዱትም።

ጋሽ አብዶ ቡራዩ ላይ የሕንፃ ዕቃ መደብር አላቸው፤ እኔ ገንዘብ ተቀባያቸው ነኝ። ሥራውን ያገኘሁት በአባቴ ነው። አባዬ፣ ዳኜ ጠጋኙ፣ ከዚያ ሱቅ በረንዳ የማይጠፋ ሰው ነበር። ቧንቧ ሊገዛ መጥቶ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል፤ ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ቧንቧ ገዝቶ ይሄዳል። «አብዶ፣ ይሄ ቁልፍ የቻይና ነው የጠላት?» ይላል። «ላንተ ብዬ ያመጣሁት የጠላት ነው» ይሉታል። ስንት ዓመት እንዲህ ሲነታረኩ አንድ ቀን እንኳ ተኮራርፈው አያውቁም።

የአባቴን ሥራ ምን ብዬ ልጥራው? አናጢ ነው ስትሉ የመብራት መስመር ሲዘረጋ ታገኙታላችሁ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው ስትሉ ጣራ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ይመታል። ቆርቆሮ መቺ ነው ስትሉ ደግሞ የሰው ሽንት ቤት ከፍቶ ክንዱን እስከ ብብቱ ከቷል። ቡራዩ ስትሰፋ አብሯት የለፋ ሰው ነው። ሰዉ ቤቱን ሳይጨርስ ይገባበታል፤ በሩ አይዘጋም፣ ውኃው አይወርድም፣ መብራቱ ይንጣጣል፤ ያኔ «ዳኜን ጥሩት!» ነው። ሱሉልታ ድረስ መሰላል ተሸክሞ ሄዶ ሠርቷል። ማታ ሲገባ አረፍ ማለት የለም። እማዬን ወገቧን ይዞ ያሽከረክራታል። «ዞር በል፣ ሲሚንቶ በሲሚንቶ ነህ» ትለዋለች። «ሲሚንቶ ነኛ! ካላወዛወዙኝ እደርቃለሁ» ይላታል።

ከሁሉ የሚያስቀው ምረቃው ነበር። አባዬ የጠገነውን ነገር ሳያስመርቅ ከሰው ቤት አይወጣም። የምትንጠባጠብ ቧንቧም ብትሆን፣ ጥቁር ናስትሮውን ያወጣና እንደ ሪባን በሩ ላይ ይወጥረዋል። ከዚያ የቤቱን ሰው አንድ ሳያስቀር ይጠራል። «ክቡራንና ክቡራት! ይህ ቧንቧ ከብዙ የበጀት እጥረትና የመልካም አስተዳደር ችግር በኋላ…» እያለ ንግግር ያደርጋል። እመቤቲቱ በመቀስ ትቆርጣለች፣ ውኃው ይከፈታል፣ ይጨበጨባል። ጎረቤታችን ኦቦ ሞቲ የሚባሉ በጣም ኮስታራ ሰው ናቸው፤ ሲስቁ ያየኋቸው የቆጣሪያቸው ምረቃ ላይ ብቻ ነው። «ዳኜ ማራቱ!» አሉት እንባቸውን እየጠረጉ፤ እብዱ ዳኜ ማለታቸው ነው። ስሙ በዚያው ጸና።

የሰው ቤት ሲያበጅ የራሱን ረስቶ ነበር ማለት ግን አልችልም። ጣራችንን የሠራው እንደ ዓይኑ ብሌን ተጠንቅቆ ነው። የእማዬ ኩሽና ብቻ መስኮት አልነበረውም። ሲገነባው «መስኮቱን ነገ እከፍተዋለሁ» ብሎ በብሎኬት ደፈነው፤ ያ ነገ ሳይመጣ ስንት ክረምት አለፈ። እማዬ በቀትር አምፖል አብርታ ታበስላለች። መብራት ሲጠፋ በስልኳ ባትሪ ሽንኩርት ትከትፋለች። «የጠጋኝ ሚስት» ትላለች፤ ሌላ ነገር አትናገርም።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ አባዬ መክሳት ጀመረ። ቡራዩ ያለ ክሊኒክ ወሰድነው፣ ወደ አዲስ አበባ ላኩን። ሆስፒታሉ ምርመራውን ከጨረሰ በኋላ ሐኪሙ እኔን፣ ታናሽ ወንድሜን ወንዲን እና የእማዬን ታላቅ ወንድም ጋሼ በሪሁንን ለብቻችን አስገባን። ነቀርሳ ነው አለን። የጀመረው ጉበቱ ላይ ነው፣ ተሠራጭቷል፣ በቀዶ ጥገና የሚሆን አይደለም፣ ያለው ጊዜ ወራት ነው። ከዚያ «ለእሱስ ማን ይንገረው?» ብሎ ጠየቀ። «ማንም» አሉ ጋሼ በሪሁን።

ኮሪደሩ ላይ ተጣላን። ጋሼ በሪሁን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይሄን መናገር አለብኝ። ታላቅ ወንድማቸው በሽታው ሲነገረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እህል ሳይቀምስ በሳምንቱ ሞቶባቸዋል። «ሰውን በሽታው አይገድለውም፣ የበሽታው ስም ነው የሚገድለው» ይላሉ። እኔ ግን ጮህኩባቸው፤ ሰው እያየኝ። «ሞቱ የእሱ ነው፣ የእርስዎ አይደለም!» አልኳቸው። ወንዲ አፌን ሊይዘኝ ምንም አልቀረውም። በገብርኤል አስማሉን። የእሳቸውን መሐላስ እሰብረው ነበር። ቤት ስንገባ ግን እማዬ እጄን ጨብጣ «እየሳቀ ይሙትልኝ፣ መቅዲዬ፣ እንዳትነግሪብኝ» አለችኝ። የእሷን መስበር አልቻልኩም።

አባዬ ያን ቀን ከሐኪሙ ክፍል ስንወጣ ምን ሲያደርግ ያገኘነው ይመስላችኋል? አጠገቡ የተቀመጠ የማያውቀውን ሰውዬ የላላ ክራንች በናስትሮ እየጠቀለለ ነበር። «ምን አለ ዶክተሩ?» አለን። «ጨጓራ ነው» አሉት ጋሼ በሪሁን። አባዬ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። «ጨጓራ! ተመስገን! እኔ እኮ ክፉ ነገር መስሎኝ ነበር» አለ። ለሰውዬውም «ጨጓራ ነው አሉኝ» ብሎ አበሠረው።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር «ጨጓራዬ ሲሻለኝ» ሆነ። ሰው ለሥራ ሲጠራው «ጨጓራዬ ሲሻለኝ» ይላል። ጋሽ አብዶ ሊጠይቁት ሲመጡ «ጨጓራዬ ሲሻለኝ ያን ቀሽም መደርደሪያህን አፈርሰዋለሁ» ይላቸዋል። እማዬን ደግሞ «ኤልሲዬ፣ ጨጓራዬ ሲሻለኝ መጀመሪያ የምነካው ያንቺን መስኮት ነው። እስከዚያ ጉልበቴን ላጠራቅም» ይላታል። እማዬ «እሺ» ትልና ወደዚያ ጨለማ ኩሽናዋ ትገባለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ጉልበት እያጠራቀመ አልነበረም፤ በየቀኑ እያለቀበት ነበር። ይህን ቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፣ እሱ ብቻ አያውቅም። ሳይመሽበት ይንገሩት እያልኩ፣ ጋሼ በሪሁንን ባገኘኋቸው ቁጥር እየለመንኩ፣ ከዚያ እየተሳደብኩ፣ ቀኑ ነጎደ።

የምግቡን ነገር ሳነሳ ደግሞ የባሰ እናደዳለሁ። ለጨጓራ በርበሬ አይሆንም ተባለ። ያ ቀይ ወጥ ሲያይ እስክስታ የሚመታ ሰውዬ ተልባ ተበጥብጦለት፣ ድንች ተቀቅሎለት፣ አንድ ቀን ሳያጓድል ዋጠ። ጎበዝ ታማሚ ነበር። «በርበሬዋን ስሜያት ብመለስስ?» ብሎ ይቀልዳል፣ ግን አይነካትም፤ መዳን ፈልጎ። ሊሞት ያለን ሰው ሁለት ወር ሙሉ ቅቅል ድንች አበላነው። ምን ዓይነት ሰዎች ነን?

ሐምሌ ላይ አልጋ ያዘ። አንድ ምሽት «እቴቴ ናፈቀችኝ፣ ጥሩልኝ» አለ። እቴቴ የምንላት ታላቅ እህቱን ውብአየሁን ነው፤ ሰበታ ነው የምትኖረው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች እሱን ያሳደገችው እሷ ናት። ነቀርሳ መሆኑን ጋሼ በሪሁን ነግረዋታል፤ እሷም ምላለች። ወንዲ ገላን ያለ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። በማግስቱ ሰርቪስ እንዳያመልጠው ሲወጣ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ደወለላት። «እቴቴ፣ አባዬን ትንሽ አሞታል። ብቅ በይ» አላት። «ትንሽ?» አለች። «አዎ፣ ትንሽ» አላት። ስልኩ ተዘጋ።

እናንተዬ! እዚህ አገር በማለዳ ተደውሎ «ትንሽ አሞታል፣ ብቅ በይ» ከተባለ ሰውዬው ሞቷል ማለት ነው። ሕፃን ያውቀዋል። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ እንዲህ ተድበስብሶ ነው የሚጠራው። ወንድሜ የሠራው ስሕተት እውነቱን መናገሩ ብቻ ነው፤ ሰውዬው በእርግጥም ታሞ ነበር፣ እህቱን በእርግጥም ጠርቷል።

እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። መጀመሪያ ዋይታው ከአስፋልቱ በኩል ተሰማ። ብቅ ስል ኮንትራት ሚኒባስ ሙሉ የሰበታ ሴት፣ ነጠላው ተዘቅዝቆ፣ ወደኛ በር እየጎረፈ ነው። እቴቴ ከፊት ናት፣ ደረቷን እየደቃች። ጎረቤቱ ጩኸት ከሰማ ማጣራት የለም። «ውይ ዳኜ! ውይ ዳኜ!» እያለ ከየበሩ ወጣ። የእድራችን ጡሩንባ ነፊም ጡሩንባውን ታቅፎ እየሮጠ ደረሰ። «አልሞተም! ኧረ አልሞተም!» ብዬ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ብብቴን ደገፉኝ። «አይዞሽ የኔ እናት፣ አልሞተም ያሰኛል» አሉኝ። አንዷማ ውኃ ረጨችብኝ። እቴቴ እኔን አልፋ ግቢው መሀል ቆመችና ሙሾውን አወረደችው።

ጨጓራ ነው ብለው፣ ሲደልሉት ከርመው፣
ጉበቱን ጨረሰው፣ ክፉ ነቀርሳ ነው።

ሴቶቹ ተቀበሏት። የአባዬ መኝታ ቤት ከግቢው በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። እቴቴ ደግሞ ሁለተኛውን አስከተለች።

የሰው ጣራ ጠጋኝ፣ የሰው በር ገጣሚ፣
የራስህ ሲያፈስስ፣ ምነው ሆንክ ታማሚ።

«ውሸት ነው!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። «የኔ ጣራ አፍስሶ አያውቅም!»

ግቢው ጸጥ አለ። አንዲት ሴትዮ ብቻ ሳታውቀው ለብቻዋ ማልቀሷን ቀጠለች፣ በክርን ጎሸም አድርገው ዝም አሰኟት። በሩ ተከፈተ። አባዬ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ መቃኑን ይዞ፣ ቆመ። «እቴቴ፣ ሞቼ እንኳ ስሜን ታጠፊያለሽ? ስንት ደንበኛ ቆሞ እየሰማ ‹የራሱ ጣራ ያፈሳል› ይባላል?» አላት። እቴቴ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ከዚያ መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላውቅም፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሴቶቹ እየሳቁ ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱ ይስቃሉ። «ከሰበታ ድረስ ለፍታችሁማ በባዶ አትመለሱም፣ ሻይ አፍሉላቸው!» አለ አባዬ። ጡሩንባ ነፊው አፍሮ ሊሾልክ ሲል ጠራው። «ና፣ ይሄ አፉ ላልቷል፣ ሲነፋ ያፏጫል» ብሎ ጡሩንባውን ተቀበለና በፒንሳ አጠበቀለት። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን ከሁለቱ ሙሾ የመጀመሪያውን ሰምቶት ይሆን እያልኩ ፊቱን ብቻ አይ ነበር።

ሰዉ ሲበተን፣ እቴቴን እማዬ ጓዳ ወስዳ ስታስተኛት፣ አባዬ ጠራኝ። «በሩን ዝጊው» አለኝ። ዘጋሁት።

«እቴቴ ምን ብላ ነው ያለቀሰችው?»

«ስለ ጣራው ነዋ…»

«ከጣራው በፊት።»

እማዬ ጨብጣ የለመነችኝን እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ።

«ነቀርሳ ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?»

«ከሆስፒታሉ ቀን ጀምሮ።»

ቀልድ ነበር የጠበቅኩት። ዕድሜውን ሙሉ የመጣበትን ሁሉ በቀልድ ሲመልስ ነው ያየሁት። እሱ ግን ክንዱን አገላብጦ አየ። «ድንች አበላችሁኝ» አለ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «የኤልሲ መስኮት! መቅዲ፣ ያኔ እኮ ክንዴ ደህና ነበር። ሁለት ወር እዚህ ተቀምጬ ጉልበት አጠራቅማለሁ እላለሁ። ክንዴ እኮ ደህና ነበር!» አለና አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ማን እንደከለከለ ጠየቀኝ። የጋሼ በሪሁን ስም አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፣ «ሁላችንም» አልኩት።

ያን ቀን ማታ ቀይ ወጥ አዘዘ፣ በርበሬው በዛ ብሎ። እማዬ ሠራችለት። ሁለት ጉርሻ በላ፣ ሦስተኛውን መዋጥ አቃተው። «ይብላኝ ለጨጓራዬ» አለና ሳቀ። እማዬ እጁ ላይ ተደፍታ «ይቅር በለኝ» አለችው። «አንቺን? አንቺ መች አስቀይመሽኝ ታውቂያለሽ» አላት። ከተኛችም በኋላ ፀጉሯን ሲዳብስ አየሁት።

በማግስቱ ጋሼ በሪሁን ተጠሩ። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። አባዬ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ይሰድባቸዋል ብዬ ጓጉቼ ነበር፤ ልዋሽ አልችልም። «በሪሁን፣ ኮትህን አውልቅ» አላቸው። «መስኮት ልንከፍት ነው።» ለወንዲ መሮ፣ ለእኔ አካፋ፣ ለእሳቸው ትልቁን መዶሻ ሰጠ። ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእስክሪብቶ የከበደ ነገር አላነሱም። የኩሽናው ግድግዳ ላይ በጠመኔ አራት መስመር አሠመረልንና «በሉ!» አለ። ጋሼ በሪሁን አንዴ ይመታሉ፣ አንዴ ያለቅሳሉ። «አቧራው ነው» ይላሉ። «ያልቅስ፣ ግን ከመስመሩ እንዳይወጣ» ይለናል አባዬ። እማዬ ውጪ ቆማ በነጠላዋ አፏን ይዛለች።

የመጨረሻው ብሎኬት ሲወድቅ ብርሃን ኩሽናው ውስጥ ዘለቀ። እማዬ ሮጣ ገባች። ጥቀርሻ የለበሰውን ግድግዳ አየችና «ውይ! በዚህ ውስጥ ነው እንዴ ስኖር የነበረው?» ብላ ጮኸች። አባዬ ሳቀ፤ ከልቡ፣ እንደ ድሮው። ከዚያ የመስኮቱን ፍሬም ራሴ ካልሠራሁ አለ። እንጨቱን ለካ፣ መጋዙን ያዘ፣ ክንዱ ግን አልታዘዘውም። መጋዙ ሁለቴ ከእጁ ወደቀ። ወንዲ አንስቶ ሊቀጥል ሲል «ተው፣ ነገ እኔ እሠራዋለሁ» አለ። በነጋታው ከአልጋው አልተነሳም። ምረቃ የለም፣ ናስትሮ የለም፣ ንግግር የለም። ቀዳዳው ላይ ላስቲክ ወጠርን፣ ዝናብ እንዳይገባ። ሐኪሙ የነገረን ቀን ነግረነው ቢሆን ኖሮ ያን መስኮት ባለ መስታወት አድርጎ፣ መጋረጃ ሰቅሎ፣ መንደሩን ጠርቶ ያስመርቀው ነበር። ማንም ምንም ቢለኝ ይህን ከልቤ አያወጣውም።

እቴቴ ወደ ሰበታ አልተመለሰችም፣ አልጋው ግርጌ ፍራሽ አንጥፋ ከረመች። በሠራችው ነገር ቀና ብላ ማየት አፍራ ነበር። አንድ ከሰዓት አባዬ «እቴቴ፣ ያን ሙሾ ጨርሺልኝ እስቲ» አላት።

«ምነው ሸዋ! ምን ሟርት ነው?» ብላ አማተበች።

«ለኔ ነው ያወጣሽው አይደል? ስሞት አልሰማው። የሰው ሙሾ ስሰማ ኖሬ የራሴ ይለፈኝ?»

ብትል ብትሠራ አልተዋትም። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና በቀጭኑ ጀመረች። «አንበሳው ወንድሜ…» ስትል አቋረጣት። «አንበሳ አትበይ። ኦቦ ሞቲ ውሻቸው አባሮኝ አጥር ላይ ተሰቅዬ አይተውኛል፣ ይስቁብሻል።» «ትሑቱ…» አለች። «እሱንም ተይው፣ ትሕትና የት አውቄ።» «ታዲያ ምን ልበልህ አንተ?» አለችው ተናዳ። «ሠራተኛው በይ። ጨዋታ ወዳዱ በይ። ሚስቱን የሚወድ በይ፣ እሱን ሲሆን ድምፅሽን ከፍ አርጊው፣ ኩሽና ድረስ ይሰማ» አላት። እቴቴ ትንሽ አሰበችና እንዲህ አለች።

ቀን ሙሉ ሲሠራ፣ ማታ ሲጨፍር፣
እንደሱ ያለ ሰው፣ ማን አለ ባገር።

«አገር በዛ» አለ አባዬ፣ «ቡራዩ ይበቃኛል።»

«ቤት አይመታማ!»

«እንግዲያው ይሁን፣ አገር ይሁን» አለ። ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር። «ደስ ይላል እቴቴ። እውነትም እኔ ነኝ።» ያኔ እቴቴ ደረቱ ላይ ወድቃ ያለ ግጥም፣ ያለ ዜማ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። አባዬ በዚያች ባለቀች ክንዱ አቀፋት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት። ለቅሶ ቤት ሰው ለሐዘንተኛ የሚለውን ራሱ አላት። «እግዜር ያጥናሽ እህቴ፣ እግዜር ያጥናሽ።»

ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ እማዬ እጁን እንደያዘችው፣ ጠዋት ዐረፈ። እቴቴ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ልብስ ለመቀየር ብላ ሰበታ ሄዳ ነበር። ወንዲ ስልኩን ይዞ «እንዴት እንበላት? ምን ብዬ ልጥራት?» ይላል። «ትንሽ…» ብሎ ጀመረና ፈርቶ ተወው። ጋሼ በሪሁን ከወንዲ እጅ ስልኩን ወስደው ለእኔ ሰጡኝ። «አንቺ ንገሪያት፣ ልጄ» አሉኝ። «እንዳለ ንገሪያት።»

ደወልኩ። «እቴቴ፣ መቅዲ ነኝ። አባዬ ሞተ።»

ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ዘመድ ይህን ሲሰማ አፉን ይዞ ነበር። እቴቴ ግን አልጮኸችም። ዝናቡ የእሷን ጣራ ሲመታ በስልኩ ይሰማኛል። «አሁን ነው?» አለች። «አሁን ነው» አልኳት። «እሺ። ብቻሽን እንዳትሆኚ፣ መጣሁ» አለችኝ።

ስትደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። ኮንትራት አልያዘችም፣ ሰው አላስከተለችም፤ እንደ ማንኛውም ቀን በታክሲ መጣች። እህቱ መጣች ሲባል ሴቶቹ ሁሉ አብረዋት ሊያለቅሱ ብድግ አሉ። እቴቴ በሩ ላይ ቆመችና «ተቀመጡ፣ እህቶቼ» አለቻቸው። «እኔ ወንድሜን በቁሙ አልቅሼለታለሁ። ሰምቶኛል። አርሞኛል። አጽናንቶኛል። የምጨምረው የለኝም።» ሴቶቹ ተያዩ፣ አንዳንዶቹ ቅር አላቸው፣ ግን ተቀመጡ።

እኔ ትሪ ይዤ ሻይ እያዞርኩ፣ ወንበር ጎደለ ብዬ ከእድሩ ልጆች ጋር እየተጨቃጨቅኩ ነበር። እቴቴ ሰዉን እየጣሰች መጣችና ትሪውን ከእጄ ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ፊቴን በሁለት መዳፏ ያዘችው።

«አንቺ ግን ገና ነሽ» አለችኝ። «ከሆስፒታሉ ጀምሮ እሱ እንዳይሰማሽ ብለሽ የዋጥሽው አለ። በቃ አሁን አይሰማሽም። አልቅሺ።»

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። እውነትም አልሰማኝም።